ዘንጉን ከማንሣታችሁ በፊት

ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ምግብ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ወሬም አብሮ ይለወጣል። በበረዶው ወራት ስለ ማሞቂያ ሂሳብና ስለ ታክስ ሲያማርር የከረመው ደንበኛ፣ ኤፕሪል ሲገባ “ፖቶማክ ላይ ዓሣ መያዝ ተጀምሯል አሉ” ማለት ይጀምራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘንግና ባልዲ መኪና ኋላ ጭነው ለምሳ የሚመጡ ቤተሰቦች ዓመት በዓመት እየበዙ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው። ልጅ ስልኩን ለሦስት ሰዓት አስቀምጦ ከአባቱ ጋር ውኃ ዳር ሲቀመጥ ማየት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ከዘንጉ ጋር ጥያቄውም በዝቷል። “ላይሰንስ የግድ ነው እንዴ? ወንዝ የእግዜር አይደል?” ይሉኛል። “ዓሣ ለክቶ መጣል ምን የሚሉት ቅጣት ነው?” ይላሉ። ሌላው ደግሞ “ያጠመድኩትን ትገዥኛለሽ?” ይለኛል። በዚህ ወር ስለዚህ እንጨዋወት። የማወራው ስለምኖርበት አካባቢ፣ ስለ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ነው።

ወንዙ አንድ፣ ደንቡ ሦስት

በሜሪላንድም በቨርጂንያም ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ16 እስከ 64 ዓመት ያለ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከ16 በታች የሆኑ ልጆች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ የመጠንና የቁጥር ደንቡ ግን እነሱንም ይመለከታል። አባቶችና እናቶች 65 ዓመት ከሞላቸውና የሜሪላንድ ነዋሪ ከሆኑ፣ በ5 ዶላር ሁሉንም የሚያጠቃልል የአረጋውያን ፈቃድ አለላቸው። ከአገር ቤት መጥተው ቤት ውስጥ ለሚሰለቻቸው ወላጆቻችን ከዚህ የረከሰ መዝናኛ የት ይገኛል?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ግዛት የሰጣችሁ ወረቀት በሁሉም ቦታ አይሠራም። ፖቶማክ ወንዝ በቨርጂንያና በሜሪላንድ መካከል ይፈሳል፤ ውኃው ግን ከጥንት ጀምሮ እስከ ቨርጂንያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው። ነገሩ የመጣው የእንግሊዝ ንጉሥ በ1632 ለሜሪላንድ ከሰጠው የመሬት ሰነድ ነው። መሐል ላይ ዲሲ አለ። ከዲሲ በታች ያለውን፣ የባሕሩ ማዕበል ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የወንዙን ክፍል ደግሞ የሁለቱ ግዛቶች የጋራ ኮሚሽን ያስተዳድረዋል። በዚህ ላይ በሜሪላንድም በቨርጂንያም የጨው ውኃና የጨው አልባ ውኃ ፈቃድ ለየብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ስታወጡ “የት ነው የምታጠምዱት?” ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛውን ቦታ ተናገሩ። “ወንዝ ነው” ብቻ አይበቃም።

መጀመሪያ ልሞክረው፣ ልጆቹ ይወዱት እንደሆን ልይ ለሚል ሰው ደግሞ መንገድ አለ። ሜሪላንድ በዓመት ሦስት ቀን ያለ ፈቃድ ማጥመድ ትፈቅዳለች፦ የጁን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4። ቨርጂንያ ደግሞ በጁን መጀመሪያ ያለውን ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ነጻ ታደርጋለች። በእነዚያ ቀናት ነጻ የሚሆነው ፈቃዱ ነው፤ የመጠንና የቁጥር ደንቡ እንዳለ ነው።

ገንዘቡ የት ይገባል?

“ለመንግሥት ሌላ ታክስ ነው” የሚሉ አሉ። ከ1950 ጀምሮ አንድ የፌዴራል ሕግ አለ፤ በመንጠቆ፣ በዘንግና በመሳሰለው ዕቃ ላይ የሚከፈለው 10 በመቶ ቀረጥ ተሰብስቦ ለዓሣ እርባታና ጥበቃ እንዲውል ለግዛቶች ይከፋፈላል። ያንን ድርሻ ለማግኘት ደግሞ ግዛቱ ከላይሰንስ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ማዋል አይችልም። የፓርኩ የማጥመጃ መድረክ፣ ጀልባ የሚወርድበት ቦታ፣ ሐይቁ ውስጥ በየጸደዩ የሚለቀቀው ትራውት፣ ዓሣውን የሚቆጥረው ባለሙያ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ዕቁብ የምናውቅ ሕዝቦች ነን፤ ሁሉም ካልጣለ የሚወጣ ዕጣ እንደሌለ አናጣውም።

ለምን በቀን አንድ ብቻ?

ስትራይፕድ ባስ የሚባለውን፣ እዚህ ሰው “ሮክፊሽ” የሚለውን ዓሣ የማያውቅ የለም። ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ያሉት፣ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው። የሜሪላንድ የግዛት ዓሣም እሱ ነው። ከ2024 ጀምሮ በቼሳፒክ ቤይ አንድ ሰው በቀን መያዝ የሚችለው አንድ ሮክፊሽ ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ከ19 ኢንች ማነስ፣ ከ24 ኢንች መብለጥ የለበትም። የሚዘጉ ወራትም አሉ፤ ቀኖቹ በየጊዜው ስለሚለወጡ የዘንድሮውን ማየት ያስፈልጋል።

ትንሹን መመለስ ለሁሉም ይገባል። ትልቁን መመለስ ግን ብዙ ሰው ያናድዳል። “እንዴት እግዜር የሰጠኝን የሚያህል ዓሣ እጥላለሁ?” ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ትልልቆቹ በአብዛኛው እናቶች ናቸው። አንዲት ትልቅ ሮክፊሽ በአንድ ጸደይ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እሷን መብላት የምትታለብ ላም አርዶ እንደመብላት ነው።

ይህ ዓሣ አንዴ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሜሪላንድ በ1985 ሮክፊሽ ማጥመድን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ለነጋዴውም፣ ለመዝናናት ለሚወጣውም እስከ 1990 ድረስ ዝግ ነበር። ኑሯቸው በዚያ የተመሠረተ ሰዎች አምስት ዓመት ታገሡ። ዓሣው አገገመ፣ በ1995 ድኗል ተባለ። አሁን ደግሞ እንደገና አሳሳቢ ሆኗል። ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ትቆጥራለች፤ የረጅም ጊዜው አማካይ 11 ገደማ ሲሆን በ2023 የተገኘው 1 ብቻ ነው። ደንቡ የጠበቀው ለዚህ ነው። ሻድ የሚባለውን፣ በጸደይ ፖቶማክን የሚሞላውን ዓሣማ ሜሪላንድ ከ1980 ጀምሮ ይዞ መሄድን ከልክላለች፤ ተይዞ መለቀቅ አለበት።

ይህ የፈረንጅ ጭንቀት ብቻ እንዳይመስለን። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ዳር ዓሣ የበላ ሰው ሁሉ ቆሮሶው ከዓመት ዓመት እያነሰ መምጣቱን ይነግራችኋል። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው ዝርያ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። እንቁላሉን ሳይጥል ይያዛል። አገራችንም የዓሣ ሀብትን የሚመለከት አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 315፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣ። ሕግ ያጣ አገር የለም። ሐይቁ ዳር የሚቆጣጠረው ሰው ነው የሚያንሰው።

የልጁ ዝምታ

አንድ ደንበኛዬ የነገረኝን ላጫውታችሁ። ስሙን አልጠራም፤ እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል። የ11 ዓመት ልጁን ይዞ ሁለት ዘንግ ተክሎ ተቀምጧል። ፈቃድ የለውም። ፖሊሱ ሲመጣ እንግሊዝኛው ስላስቸገረው ልጁ አስተርጓሚ ሆነ። “ባባ፣ ላይሰንስ አለህ ወይ ይልሃል።” አባትየው በአማርኛ “ሁለቱም ዘንጎች የኔ ናቸው በለው” አለው። ልጁ ፖሊሱን አየ፣ አባቱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን እያየ ዝም አለ።

ፖሊሱ ገባው። ቅጣት ጽፎ፣ መልካም ቀን ብሎ ሄደ። አባትየው እንዲህ አለኝ፦ “ብሩስ ይከፈላል። መኪና ውስጥ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተናገረኝም። አርባ ደቂቃ።”

ልጆቻችን በዚህ አገር ብዙ ሸክም አለባቸው። የሐኪም ቤት ወረቀት ያነቡልናል፣ ባንክ ይደውሉልናል፣ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ይተረጉሙልናል። በዚያ ላይ ውሸታችንን እንዲተረጉሙ ማድረግ ከባድ ነው። ያ ሰው በሳምንቱ ፈቃዱን አወጣ። ልጁ ኮምፒውተር ላይ ሞላለት፤ አሁን ወረቀቱን የሚይዘውም ልጁ ነው።

ፖሊሱ ሲመጣ አትደንግጡ። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ በ1868 የኦይስተር ዘራፊዎችን ለመቆጣጠር የተቋቋመ አሮጌ መሥሪያ ቤት ነው። ላይሰንሱንና የያዛችሁትን ዓሣ አሳዩኝ ማለት የዘወትር ሥራው ነው። ዘንጉን ጥሎ መሮጥ፣ ዓሣውን ቁጥቋጦ ውስጥ መወርወር ትንሹን ነገር ትልቅ ያደርገዋል። ቅጣት ከተጻፈባችሁ ደግሞ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አትርሱት። ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀን ክፈሉ ወይም ፍርድ ቤት ቅረቡ። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የዜግነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ከጠበቃው ጋር ቢነጋገር ጥሩ ነው።

እንኳን ደህና መጣችሁ የሚሏችሁ ዓሦች

ደንቡ ሁሉ ክልከላ አይደለም። “እባካችሁ ያዙልን፣ ብሉልን” የሚባሉ ዓሦች አሉ። አንደኛው ብሉ ካትፊሽ ነው፤ የኛ አምባዛ ዘመድ። ይህ ዓሣ የሚሲሲፒ ተፋሰስ ተወላጅ ነው፤ ቨርጂንያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአጥማጆች መዝናኛ ብላ ወንዞቿ ውስጥ ለቀቀችው። ከዚያ ተባዝቶ አካባቢውን ወረረ፤ ሸርጣኑንና ትንንሹን ዓሣ እየበላ አስቸገረ። ሜሪላንድ ማዕበል በሚደርስባቸው ውኃዎች ለብሉ ካትፊሽ የመጠንም፣ የቁጥርም፣ የወቅትም ገደብ የላትም። ፈቃድ ግን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስኔክሄድ ነው፤ የእባብ ራስ ማለት። ከእስያ የመጣ ሲሆን በ2002 ክሮፍተን፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኩሬ ተገኝቶ አገር ጉድ ብሎ ነበር። በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ታየ። ስሙ ሰው እንዳይበላው አደረገና ሜሪላንድ በ2024 “ቼሳፒክ ቻና” የሚል ስም አወጣችለት። ይህን ዓሣ ከነሕይወቱ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ እዚያው መገደል አለበት። ወደ ሌላ ሐይቅ ወስዶ መልቀቅማ ከባድ ጥፋት ነው።

እንደ ወጥ ሠሪ አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ ውስጥ ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበሉ ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ካትፊሹ አይሆንም። ስኔክሄድ ግን ቅርፊት አለው፣ ሥጋውም ጠንካራና ነጭ ነው፤ ለጉላሽ ሲቆረጥ አይፈራርስም። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላሉ፣ በርበሬውን አብስሉ፣ ዓሣውን መጨረሻ ላይ ጨምራችሁ ብዙ አታማስሉ። ስሙን ለእንግዳ ከበላ በኋላ ንገሩት።

ሳህን ላይ ከመቅረቡ በፊት

ይህን ክፍል እናቶች ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። በኛ ወንዞች ውስጥ ከድሮ ፋብሪካዎች የቀረ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካልና ሜርኩሪ አለ። ዓሣው ጤነኛ ይመስላል፤ በዓይን አይታይም፣ በሽታም አይታወቅም። ግዛቶቹ ለየወንዙና ለየዓሣው “በወር ይህን ያህል ጊዜ ብቻ ብሉ” የሚል ማሳሰቢያ ያወጣሉ። ዲሲ ውስጥ ከፖቶማክና ከአናኮስቲያ የተያዘ ኢል፣ ካርፕና ስትራይፕድ ባስ አትብሉ ይላል ማሳሰቢያው። እርጉዝ ሴቶች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ትንንሽ ልጆች ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ አለባቸው።

ፒሲቢ የሚጠራቀመው ስብ ላይ ነው። ስለዚህ ቆዳውን ግፈፉ፣ ሆዱና ጀርባው ላይ ያለውን ስብና ጠቆር ያለውን ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ስቡ በሚንጠባጠብበት መንገድ ጥበሱት፤ የጠበሳችሁበትን ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙ። ሜርኩሪ ግን ሥጋው ውስጥ ስለሆነ በመቁረጥም በመጥበስም አይወጣም። በጥቅሉ ትልቅና ያረጀ ዓሣ ብዙ ብክለት ስለሚሸከም፣ ገደብ ከሌለባቸው ዓሦች ውስጥ አነስ አነስ ያሉትን መምረጥ ለጤናም ለጣዕምም ይበጃል።

ያጠመዳችሁትን ለእኛ አትሽጡልን

በጾም ወራት ዓሣ የሚበላው ደንበኛችን ይበዛል፣ ዋጋውም ይንራል። ይሄኔ አንዳንድ ሰው በኋላ በር ይመጣል። አንድ የቆየ ደንበኛችን ባለፈው ዓመት በረዶ የሞላ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ስከፍተው ስምንት ሮክፊሽ። “እህት ዓለም፣ ሌሊት የያዝኩት ነው፣ በግማሽ ዋጋ ውሰጅው” አለኝ። ልጅ ኮሌጅ እንዳስገባ አውቃለሁ፤ ገንዘብ እንዳጠረውም አውቃለሁ። “ወንድሜ፣ ቁጭ በልና ቁርስ ብላ፣ ዓሣውን ግን አልችልም” አልኩት። ቁርሱን አልበላም። ከዚያ ወዲህ እሱ አልመጣም፤ እንጀራ የምትወስደው ባለቤቱ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዝናኛ ፈቃድ ለመብላት እንጂ ለመሸጥ አይሆንም። ለመሸጥ የንግድ አጥማጅ ፈቃድ ሌላ ነው። ምግብ ቤት ደግሞ ዓሣ መግዛት ያለበት ከታወቀ ምንጭ ነው፤ የጤና ተቆጣጣሪው ሲመጣ ደረሰኙን ማሳየት አለብን። ያ ዓሣ ሰው ቢያሳምም መልስ የለንም። በዚህ ላይ ሌሲ አክት የሚባል ከ1900 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ዓሣ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ ግዛት ተሻግሮ ሲሸጥ ጉዳዩ የፌዴራል ይሆናል። ከሜሪላንድ ቨርጂንያ ለመግባት አንድ ድልድይ ብቻ ነው ያለን። ሻጩም፣ ገዢውም፣ በዚህ ቤት ደሞዝ የሚበሉት አሥራ አንድ ሠራተኞችም አብረው ይነካሉ።

ሌላም ነገር አለ። ቁጥሩ የየግል ነው። አባት ሦስት ይዞ “የልጆቼ ድርሻ ነው” ማለት አይችልም፤ እያንዳንዱ የራሱን ያጠምዳል።

ለልጆች

ልጆች፣ ይህ የእናንተ ክፍል ነው። የዓሣ መለኪያ እንሥራ። አንድ ረዘም ያለ ክር አምጡ። ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ እሰሩ፤ ከእሱ 19 ኢንች፣ ማለትም 48 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ሁለተኛ ቋጠሮ፤ ከመጀመሪያው 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ላይ ሦስተኛ ቋጠሮ እሰሩ። ሮክፊሹ አፉ ተዘግቶ፣ ጅራቱ በእጅ ተሰብስቦ ሲለካ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቋጠሮ መካከል ከዋለ ይፈቀዳል። ካነሰ ገና ልጅ ነው፣ ይደግ። ከበለጠ እናት ልትሆን ትችላለች፣ ትሂድ። ክሩ ለመጫወቻና ለመለማመጃ ነው፤ ወንዝ ዳር ስትሄዱ ትክክለኛውን ማስመሪያ ያዙ።

ዓሣ ስትለቁ መጀመሪያ እጃችሁን ውኃ ውስጥ ንከሩ። ደረቅ እጅ ዓሣው ሰውነት ላይ ያለውን የሚያሟልጭ ሽፋን ይልጠዋል፤ ያ ሽፋን ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። ጣታችሁን ስንጥቡ ውስጥ አታስገቡ፣ ሣር ላይም አታንደባልሉት። ቶሎ ወደ ውኃው መልሱት። ስንት ሰከንድ እንደፈጀባችሁ ቁጠሩ፤ ያሳጠረ ያሸንፋል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ፈቃዱን በኢንተርኔት ወይም የማጥመጃ ዕቃ ከሚሸጡ መደብሮች አውጡ፣ ስልካችሁ ላይም በወረቀትም ያዙት። የዘንድሮውን ደንብ አንብቡ፤ የአምናው አይሠራም። ማስመሪያ ያዙ። ለሮክፊሽ በትል ወይም በዓሣ ሥጋ የምታጠምዱ ከሆነ ሜሪላንድ ክብ መንጠቆ ታዛለች፤ ከንፈሩን ይይዛል እንጂ ሆዱ ውስጥ ስለማይገባ የተለቀቀው ዓሣ ይተርፋል። የያዛችሁትን ዓሣ ቤት እስክትደርሱ አትቆራርጡት፤ ካልተለካ ሕጋዊ መሆኑን ማሳየት አትችሉም። የተበጠሰ ክር መሬት ላይ አትተዉ፣ ወፍ ይጠልፋል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹን። ፖቶማክ ላዩ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ይጎትታል። ድንጋዩ ያሟልጫል። ለልጆቹ የሕይወት ጃኬት አልብሱ፣ ለማቀዝቀዝ ብላችሁም ወንዙ ውስጥ አትግቡ።

ፈቃድ ማውጣት ለከበዳችሁ ወላጆች፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ጸጥ ይላል፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ፣ ከልጆቹ አንዷ ኮምፒውተሩ ላይ ትሞላላችኋለች። ቡናው በኛ ነው። መልካም ጸደይ፣ ደህና ሰንብቱ!